ጥቆማ፦ ለአውስትራሊያ ፓርትነር (የአጋር) ቪዛ የዲፋክቶ (ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ የመኖር) ማስረጃ፤ ምኑ ላይ ገንዘብ ይውጣ?

ጥያቄ፦ ሜልበርን ነን። ሳንጋባ አብረን መኖር ከጀመርን ዓመት አልሞላንም፤ 820 (እዚሁ አውስትራሊያ ሆነው የሚያመለክቱበትን ፓርትነር ቪዛ) ማስገባት እንፈልጋለን። ግንኙነታችንን ማስመዝገብ ይሻላል ወይስ መጠበቅ? የኢሚግሬሽን ኤጀንትስ የግድ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አስመዝግቡ። በስቴት ሕግ ለተመዘገበ ግንኙነት፣ ከማመልከት በፊት 12 ወር በዲፋክቶ የመቆየት ግዴታ ይነሳል። ቪክቶሪያ ላይ የልደት፣ ሞትና ጋብቻ መዝገብ ቤት ነው የምታመለክቱት። 28 ቀን ስለሚያስጠብቅ ቪዛ ሊያልቅ ሲል አትጀምሩት። ፐርዝና ዳርዊን ላሉት ይህ መንገድ የለም። ወረቀቱ ግን የሚያነሳው የጊዜውን ግዴታ ብቻ ነው፤ ግንኙነቱ የእውነት መሆኑን አሁንም ማስረዳት አለባችሁ። አገር ቤት በቤተክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በባህል በሕግ የሚጸና ጋብቻ የፈጸመ ደግሞ በትዳር ያመልክት፤ 12 ወሩ እሱን አይመለከትም።

መልስ፦ መርማሪው አራት ነገር ያያል፦ ገንዘብ፣ የቤት ኑሮ፣ በሰው ዘንድ መታወቅ፣ ለዘለቄታው መተሳሰር። ብዙ ሰው ፎቶ ይከምራል፤ ደካማው ግን የገንዘቡ ማስረጃ ነው። የጋራ ሒሳብ የትኛውም ባንክ ቢከፈት ለውጥ የለውም። ማመልከቻው ሲቃረብ ተከፍቶ 50 ዶላር ይዞ የተቀመጠ ግን ለወረቀት የተደረገ ይመስላል። የሁለታችሁም ደሞዝ ይግባበት፤ ኪራይ፣ መብራትና አስቤዛ ከዚያው ይውጣ። የኪራይ ውሉ ላይ ሁለታችሁም ስም ይኑራችሁ። ዘመድ ቤት ከሆናችሁ የቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ብቻውን ደካማ ነው፤ መንጃ ፈቃድ፣ የባንክ ደብዳቤና የደሞዝ ወረቀት በአንድ አድራሻ ይምጡ። አንዱ ኢትዮጵያ ካለ ብር በሰው እጅ አትላኩ፣ ደረሰኝ የለውም።

ከሁሉ የከፋው መጋጨት ነው። አብሮ መኖር የጀመራችሁበትን ቀን ጽፋችሁ፣ ለዚያው ጊዜ ታክስ ወይም ሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ ቢሮ) ላይ «ነጠላ» ካላችሁ፣ ሳታስገቡ በፊት አስተካክሉ።

ፎርም 888 (ግንኙነታችሁን የሚያውቅ ሰው የሚሞላው የምስክርነት ቅጽ) ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆኑ። አንዱ ከእሱ ወገን፣ አንዷ ከአንቺ ወገን ቢሆኑ ይመረጣል። መቼና የት እንዳዩአችሁ በየራሳቸው ቃል ይጻፉ። «በጣም ይዋደዳሉ» የሚል ብቻውን አይጠቅምም፤ ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆነ ደግሞ ይጎዳል።

መልስ፦ ስለ ኤጀንት፦ የማመልከቻው ክፍያ ብቻ ከ9000 ዶላር በላይ ነው፣ ውድቅ ቢሆን አይመለስም። ማስረጃው የተሟላለት ሰው የአንድ ሰዓት ምክር ገዝቶ በኢሚአካውንት (የኢሚግሬሽን የኢንተርኔት ማመልከቻ ገጽ) ራሱ ቢያስገባ ይበቃዋል። ቀድሞ ቪዛ የተከለከለ፣ ያለ ቪዛ የቆየ ወይም የፖሊስ መዝገብ ያለበት ግን ሙሉ ጉዳዩን ለኤጀንት ወይም ለጠበቃ ይስጥ። ከመክፈላችሁ በፊት ኤጀንቱን በኦማራ (የኢሚግሬሽን ኤጀንቶችን የሚመዘግበው የመንግሥት ቢሮ) መዝገብ ፈልጉት፤ ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ከሌለው ተዉት።

ትርጉም፣ እዚህ ካሠራችሁ፣ በናቲ (ለተርጓሚዎች እውቅና የሚሰጠው የአውስትራሊያ ተቋም) የታወቀ ተርጓሚ ይሁን፤ ጓደኛ የተረጎመውን አታስገቡ። የቴሌግራም መልእክታችሁን ሁሉ ማስተርጎም ገንዘብ ማባከን ነው። ከየወሩ ቀን የሚታይበት ጥቂት ገጽ ምረጡ፤ ስለ ኪራይ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሕመም የተነጋገራችሁበት ከሰላምታው የበለጠ ይናገራል።