ክርክር፦ የዛሬውን የዓለም ፖለቲካ ለመረዳት ታሪክ መማር ግድ ነው?

መምህር ከደሴ፦
ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን «ልጆቻችን ኮዲንግና ኢኮኖሚክስ ይማሩ፤ ያለፈ ጦርነት መሸምደድ የዛሬውን ዓለም አያስረዳም» ብሎ ጻፈ፤ ብዙዎቻችሁም ደገፋችሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አምና ጃንሆይ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉትን ንግግር ሳስተምር፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «የጣልያን ጦርና የመርዝ ጋዙ በየት በኩል መጣ?» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ካለው ካርታ ጣቴን ከናፖሊ አስነስቼ ወደ ፖርት ሰይድ፣ ከዚያ በሱዌዝ ቦይ አሳልፌ ምጽዋ አደረስኩት። «ቦዩን የሚጠብቀው ማን ነበር?» ብሪታንያ። «ታዲያ ለምን አልዘጉባቸውም?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። በወረቀት ያለው መልስ የ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ስምምነት ነው፤ ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ለንደንና ፓሪስ ሙሶሊኒን አስቀይመው ወደ ሂትለር እንዳይገፉት መፍራታቸው ነው። ማዕቀብ ጣሉ፤ ነዳጁን ግን አልነኩም። ሐምሌ 1936 ላይ ያንኑም አነሡት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየትኛውም አገር ላይ ማዕቀብ ተጣለ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው «ነዳጅ አለበት ወይ?» ብዬ ነው። በሩሲያ ላይ ማዕቀብ ሲጣልም ዜናውን ያነበብኩት በዚህ ዓይን ነው።

ትራንዚተሩ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። የቀይ ባሕርን ፖለቲካ እኔ የተማርኩት ከጭነት ዋጋ ነው። በ2023 መጨረሻ የየመን ታጣቂዎች ሁቲዎች መርከብ መምታት ሲጀምሩ ከአንትወርፕ የተጫነ የደንበኛዬ መለዋወጫ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሮ መጣ። ሰውዬው ፋብሪካው ቆሞበት በቀን ሦስት ጊዜ ይደውልልኝ ነበር። መርከብ ድርጅቱ የማንንም ታሪክ አላነበበም። አደጋው ሲብስና ኢንሹራንሱ ሲወደድ ዞረ፤ በቃ። ጥቅሙ የት እንዳለ ካወቅን ፖለቲካውን አወቅን ማለት ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዋ፦
ወንድሜ፣ የራስህን ምሳሌ ልውሰድ። ያ መንገድ የዞረው አሁን ብቻ አይደለም። የሱዌዝ ቦይ በ1967ቱ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ምክንያት እስከ 1975 ድረስ ስምንት ዓመት ሙሉ ተዘግቷል። 14 መርከቦች ቦዩ መካከል ባለው መራራ ሐይቅ ውስጥ ተይዘው ቀሩና የበረሃ አሸዋ ለብሰው «ቢጫው የመርከብ ጓድ» የሚል ስም ወጣላቸው። አፍሪካን ዞሮ መሄድ እንዲያዋጣም ነዳጅ ጫኝ መርከቦች እየገዘፉ ሄዱ። ዛሬ አንተ የምትከታተለው ዋጋ ያኔ የተሠራ ነው።

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሂዱ። በሐምሌ 1956 አሜሪካና ብሪታንያ ለግብፅ አስዋን ግድብ ሊሰጡ የነበረውን ገንዘብ ከለከሉ። በሳምንቱ የግብፁ መሪ ናስር ቦዩን ወረሰና ግድቡን በቦዩ ገቢ እሠራለሁ አለ። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና እስራኤል ወረሩት፤ በአሜሪካ ግፊት ለቀው ወጡ። ለግብፃዊ ግድብ ማለት ያ ቀን ነው፤ የነጻነት ምልክቱ ነው። ሱዳንና ግብፅ በ1959 የአባይን ውሃ 18.5 እና 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው የተከፋፈሉትም አስዋንን ለመሥራት ነው፤ አብዛኛው ውሃ የሚነሣባት ኢትዮጵያ አልተጠራችም። የእኛም ቁጣ ከዚህ ይጀምራል። ስለ ሕዳሴው ግድብ ካይሮና አዲስ አበባ ሲነጋገሩ ሁለቱም ግድብ ይላሉ፤ እያንዳንዱ የሚሰማው ግን የራሱን ታሪክ ነው። ይህን የጭነት ዋጋ አያሳይም።

ኢንጂነር፦
እኔ ደግሞ የምፈራው ተቃራኒውን ነው። ፑቲን በሐምሌ 2021 ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው የሚል ረጅም የታሪክ ጽሑፍ በስሙ አወጣ። በየካቲት 2022 ታንክ ላከ። ታሪክ አላነሰውም፤ በዛበት እንጂ! እኛም አገር ቢሆን ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመዘዘው የመቶ ዓመት ቂም ነው። ልጆቻችን ሒሳብ ቢማሩ ቢያንስ በሒሳብ ማንም አይገዳደልም።

መምህር ከደሴ፦
ልጄ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል፤ ክፍሌ ውስጥም አይቼዋለሁ። ነገር ግን በዚያው የካቲት፣ ወረራው ሊጀመር ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ በፀጥታው ምክር ቤት ምን እንዳለ አስታውስ። ድንበራችንን ያሰመሩት ለንደን፣ ፓሪስና ሊዝበን ናቸው፤ በዘርና በሃይማኖት አንድ የሆነ አገር እንፍጠር ብንል ኖሮ እስከ ዛሬ ስንዋጋ በኖርን ነበር፤ ስለዚህ የወረስነውን ድንበር ተቀበልን ነው ያለው። ይህ በ1964 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ካይሮ ላይ የወሰነው ነው። ለፑቲን ጽሑፍ የተሰጠው መልስም ከታሪክ ነው የመጣው፤ ሒሳብ ያንን መልስ ከየት ያመጣዋል? አንድ የታሪክ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው አደገኛ ነው፤ በዚህ ላይ እስማማለሁ።

ከነታንያ፦
ጣልቃ ልግባ። የምኖረው እስራኤል ነው፤ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ልጄ 1948ን «የነጻነት ጦርነት» ብላ ትማራለች። አብሮኝ ሌሊት የሚያድረው አረብ ነርስ ያንኑ ዓመት «ናክባ» ይለዋል፤ መዓት እንደ ማለት ነው። አያቱ ከቤታቸው ሲወጡ ቁልፉን ይዘው እንደወጡ አንድ ሌሊት ነገረኝ። እኔ ደግሞ እናቴ በሱዳን በኩል በእግር እንዴት እንደመጣች ነገርኩት። እዚህ ስድስት ዓመት ዜና ስሰማ የኖርኩት ግማሹን ብቻ እንደነበር የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

ኢንጂነር፦
እህቴ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን በትምህርት ቤት እንደዚህ አያስተምሩም። እኔ የተማርኩት ቀንና ስም ነው፤ ከፈተና በኋላ ጠፋ።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዋ፦
እንግዲያው ጠብህ ከአስተማሪው ጋር ነው፣ ከትምህርቱ ጋር አይደለም።

መምህር ከደሴ፦
ከእኔም ጋር ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓመት ቀን አስሸምድጃለሁ። ያቺ ልጅ ናት ካርታ ይዤ እንድገባ ያደረገችኝ።

ትራንዚተሩ፦
ከምሳ በኋላ ለአባቴ ደወልኩ። ድሬዳዋ ነው ያለው፤ በወጣትነቱ ምድር ባቡር ሠርቷል፤ አሁን ሰማንያ አልፎታል። የቦዩን መዘጋት ትዝ ይልሃል ወይ አልኩት። «እንዴት አይለኝ! ጅቡቲ ወደብ መርከብ ጠፍቶ ነበር እኮ» አለ። ሥራ እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ ጓደኛው እንዴት እንደተቀነሰ ግማሽ ሰዓት አወራኝ። እኔ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ጥቅምን መከተል ይበቃል ያልኩትን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፤ ነገም መጀመሪያ የማየው ዋጋውን ነው። ግን ስለ ሁቲዎቹ ስነግረው አባቴ ዋጋ አልጠየቀኝም። «አሁን ደግሞ ከማን ጋር ተጣልተው ነው?» አለኝ። ልመልስለት ብዬ ከጋዛ ጀመርኩ፤ «እሱስ ከምን መጣ?» አለኝ፤ ወደ 1967 ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አላውቀውም።

መምህር፣ ከ1967 በፊት ያለውን ከየት ልጀምር?