ፎቶ ቤቱ የሰርግ ፎቶውን መስታወት ላይ ሰቅሎታል፤ ማስወረድና ካሳ መጠየቅ ይቻላል?

ብርቱካን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፎቶ ቤቱ ሰርግ አንስቶ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ፣ ሳያስፈቅድ አንዱን ፎቶ አሳድጎ መስታወቱ ላይ ሰቀለው። ቴሌግራም ቻናሉ ላይም ከነዋጋ ዝርዝሩ ለጥፎታል። ሙሽሮቹ አውርድልን ሲሉት «ሰርግ የአደባባይ ነው፤ ፎቶውም የኔ ሥራ ነው» ይላል። እውነቱን ነው?

አንቀጽ27፦
አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንሳኝ ብሎ መክፈል ለማስታወቂያ ተጠቀምበት ማለት አይደለም። የቅጂ መብት ቢኖረው እንኳ ይህን ክልከላ አያነሳለትም።

ካሳው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቁጥር 29 መጀመሪያ ማሳየቱ እንዲቆም ለመጠየቅ መብት ይሰጣል። ፍርድ ቤትም ፎቶው ያስገኘለትን ጥቅም ያህል ካሳ ሊወስን ይችላል። የኅሊና ጉዳት ካሳ ግን የሚመጣው አቁም ተብሎ ወዲያው ካላቆመ ነው። ስለዚህ በስልክ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ የትኛው ፎቶ፣ የት እንዳለ፣ እስከ መቼ እንዲወርድ ይጠቀስ። አንደኛው ቅጂ ላይ ከነቀኑ ያስፈርሙት። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይስጡት።

የኅሊና ካሳ ጣሪያው በቁጥር 2116 መሠረት 1,000 ብር ነው። ሕጉ በወጣ ጊዜ ደህና ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ግን የጠበቃ ታክሲ ነው። ስለዚህ ክሱ ጥቅሙ ላይ ቢያተኩር ይሻላል። ዋጋው ከፎቶው ጋር መለጠፉ ለንግድ እንደተጠቀመበት ያሳይላቸዋል። የካሳ ክስ ደግሞ በ2 ዓመት ይቃጠላል።

የሸንጎ ልጅ፦
ቁጥር 28ን መዝለል ግን አይገባም። ታዋቂ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ወይም ፎቶው ሕዝብ ከሚያየው ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። ሙሽሮቹ መንገድ ላይ በሆታ ሲያልፉ የተነሳ ፎቶ ያከራክራል። ሙሽራዋ ቤት ውስጥ ስትኳል፣ ወይም ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ ከሆነ ግን ክርክር የለውም። የትኛው ነው?

ብርቱካን፦
ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ ነው።

አንቀጽ27፦
እንግዲያው አለቀ። መንገድ ላይ የተነሳ ቢሆንም እኔ አልቀበለውም ነበር። ቁጥር 28 የሚናገረው ሁነቱን ስለመዘገብ እንጂ ፎቶውን ለንግድ ማስታወቂያ ስለመጠቀም አይመስለኝም።

ዳታ ጠባቂ፦
ደብዳቤው ሳይደርሰው በፊት ማስረጃ ሰብስቡ፤ ከደረሰው በኋላ ያጠፋዋል። ቴሌግራም ከልጥፉ ሥር የሚያሳየው ሰዓት ብቻ ነው፣ ቀኑ የሚታየው ከላይ ነው። ስክሪንሾቱ የቻናሉን ስም፣ ቀኑንና የተመልካቹን ቁጥር አንድ ላይ መያዝ አለበት። የልጥፉን ሊንክ ኮፒ አድርጉ፤ ቻናሉን ከፍታችሁ እስከ ልጥፉ ስትወርዱ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅረጹት። የመስታወቱን ፎቶ የድርጅቱ ታፔላ አብሮ እንዲታይ አንሱት፣ አለዚያ «የኔ ሱቅ አይደለም» ይላል።

ከቻናሉ ቢጠፋም ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ የተደረገው እዚያው ይቀራል። በየግሩፑ አድሚን መጠየቅ ነው፣ አሰልቺ ቢሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ውሉን ወይም የቀብድ ደረሰኙን ጀርባ አይታችኋል? «ለማስታወቂያ እንጠቀማለን» የሚል መስመር የሚያስገቡ አሉ። ከተፈረመበት ጉዳዩ ይከብዳል እንጂ አይዘጋም፤ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰጡትን ፈቃድ ማንሳት ይቻላል። ገና ያልፈረመ ሰው ደግሞ ያንን መስመር ሰርዞ ሁለቱም ወገን ጎኑ ላይ ይፈርሙበት።