ልጆች በማስመሪያ ሲለኩ ከዜሮ ሳይሆን ከ1 ይጀምራሉ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የአጸደ ሕፃናት መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። የማስተምራቸው ልጆች የአምስትና የስድስት ዓመት ናቸው። እስከ 20 ያለ ችግር ይቆጥራሉ፤ እርሳስ በማስመሪያ እንዲለኩ ስጠይቃቸው ግን ገሚሶቹ የእርሳሱን ጫፍ 1 ላይ ያሳርፋሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ዜሮው ላይ ካለው መስመር ጀምረው መስመሮቹን አንድ በአንድ ስለሚቆጥሩ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነውን 9 ይሉኛል። ዛሬ ባሳያቸው ነገ ያው ነው። በሞንቴሶሪ ዘዴ፣ ማለትም ልጆች በእጃቸው በሚይዟቸው መሣሪያዎች በሚማሩበት ዘዴ የምታስተምሩ ካላችሁ ከየት ልጀምር? የተሟላውን መሣሪያ ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም።

መልስ 1፦ የሞንቴሶሪ ክፍል መምህር

እኅቴ፣ ማስመሪያውን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤት ከከፈቱ ወዲህ በዳበረው ቅደም ተከተል፣ ልጁ ርዝመትን በቁጥር ከመግለጹ በፊት በክንዱ ያውቀዋል። ለዚህ የሚያገለግሉት፣ ቀያዮቹ ዘንጎች የሚባሉት የእንጨት መሣሪያዎች አሥር ናቸው፤ ውፍረታቸው እኩል ሆኖ ርዝመታቸው ብቻ ከ10 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር በ10 በ10 ይጨምራል። ልጁ አንድ በአንድ ወደ ምንጣፉ ሲያመጣቸው የሜትሩን ዘንግ ለመያዝ እጆቹን መዘርጋት ግድ ይሆንበታል። ደርድሮ ሲጨርስ አጭሩን ዘንግ በሌላው ጫፍ ላይ ቢቀጥለው ከሚከተለው ጋር እኩል ይመጣል፤ ስለዚህ ስሕተቱን የሚነግረው መምህሩ ሳይሆን ዘንጉ ራሱ ነው።

ከዚያ በተመሳሳይ ርዝመት የተሠሩት፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ሰማያዊ የሚፈራረቅባቸው የቁጥር ዘንጎች ይከተላሉ። የእርስዎ ችግር የሚፈታው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ልጁ የሚቆጥረው መስመር ሳይሆን ቀለም የተቀባውን ክፍል ነው።

መልስ 2፦ የሁለት ልጆች አባት

እኔ ቀያዮቹን ለአናጢ አሠርቻለሁ። የአሥሩ ድምር 5 ሜትር ተኩል ስለሆነ ከ6 ሜትር ያላነሰ እንጨት ያዘጋጁ። የመጀመሪያውን ያበላሸነው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስምረን በመቁረጣችን ነው፤ መጋዙ በየቁርጡ የሚበላው ተደማምሮ ዘንጎቹ አልገጣጠም አሉ። እያንዳንዱ ከተቆረጠ በኋላ ቀጣዩ እንደ አዲስ ይለካ።

መልስ 3፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት

በዘንጎቹ እስማማለሁ፤ ስንዝርና ክንድ ግን ባይዘለሉ እወዳለሁ። አንድ ጠረጴዛ ልጁ በስንዝሩ፣ እርስዎም በራስዎ ስንዝር ይለኩትና ቁጥሮቹን ያነጻጽሩ። የልጁ ቁጥር መብለጡ መጀመሪያ ያስቃቸዋል፣ ቀጥሎ ያከራክራቸዋል፤ ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ማስረዳት ቀላል ነው።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ10 ሳንቲ ሜትሩ ዘንግ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር እንዴት ልውረድ?

መልስ 1፦ የሞንቴሶሪ ክፍል መምህር

አጭሩን ዘንግ ወረቀት ላይ አጋድመው፣ በጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ኩቦችን አጠጋግተው ያስደርድሩ። ልጁ እያንዳንዱ ኩብ የሚያበቃበት ላይ ጭረት አድርጎ ቁጥሩን ይጻፍ፤ 1 የሚጻፈው የመጀመሪያው ኩብ መጨረሻ ላይ ነው። ገና ምንም ኩብ ባልተቀመጠበት መነሻ ላይ ምን እንጻፍ ብለው ይጠይቁት። ዜሮን በራሱ እጅ ከጻፈ በኋላ ማስመሪያውን ከመሳቢያው ያውጡለት።