የፀሐይ ማዕበልና ነገር ቶሎ የሚሰማው ሰው

ጠያቂ (ደሴ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከሌላው ሰው ይልቅ ነገር ቶሎ የሚሰማኝ ነኝ፤ አየሩ ሊለወጥ ሲል ራሴን ያመኛል፤ ብርሃን ሲበዛም ያጥወለውለኛል። በ2016 ዓ.ም. የልደታ ማግስት፣ ዓርብ ግንቦት 2 ቀን፣ ከጧት ጀምሮ ራሴን ወጥሮ ይዞኝ ዋለ፤ ሌሊቱም እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። በማግስቱ ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ የፀሐይ ማዕበል ምድርን እንደመታ በዜና ስሰማ ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ የማዕበሉን ብርታት ከ0 እስከ 9 በሚደርስ ቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቀን ከቤት መውጣት ትቻለሁ። እናቴ ደግሞ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታሽልኛለች። የፀሐይ እንቅስቃሴ እንደ እኔ ያለውን ሰው በእርግጥ ያውካልን?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
የፊዚክስ መምህር ነኝ። እናትዎ ምች የሚሉት ፀሐይ ያገኘው ሰው የሚታመመውን ሲሆን፣ ማዕበሉ ግን ከፀሐይ ተስፈንጥሮ የሚመጣ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ የጋዝ ደመና ነው። ብርሃን በ8 ደቂቃ የሚጨርሰውን መንገድ ይህ ደመና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይጓዘዋል፤ ሲደርስም የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ያናውጣል እንጂ ፀሐይዋን አያከርራትም። እርስዎ የጠቀሱት ማዕበል ምድርን የነካው ደግሞ ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ራስዎን ማመም የጀመረዎት ግን ጧት ነበር።

መጠኑንም ማየት ይገባል። በአገራችን ያለው የምድር መስክ ከ30,000 ናኖቴስላ (የመግነጢስ ብርታት መለኪያ ነው) በላይ ሲሆን፣ እጅግ የበረታ የተባለው ማዕበል እንኳ ከዚያ የሚያናጋው ጥቂት መቶውን ብቻ ነው። በአንጻሩ ለምርመራ ኤምአርአይ በሚባለው የመግነጢስ መሣሪያ ውስጥ የሚተኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ 1.5 ቴስላ፣ ማለትም 1.5 ቢሊዮን ናኖቴስላ ያርፍበታል፤ ምርመራው ሲያልቅ ግን ተነሥቶ በእግሩ ይሄዳል። ማዕበል የሚያሰጋው ሳተላይትንና ረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመርን ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 በካናዳ የኩቤክ ግዛት ለ9 ሰዓት ያህል መብራት ጠፍቶ ነበር (በእኛ በኩል መብራት ለመጥፋት ማዕበል አይጠብቅም)።

የሐይቅ ልጅ፦
መምህር፣ ያሉት ባይካድም ነገሩን በመጠን ብቻ መዝጋት የሚቻል አይመስለኝም። ተሰዳጅ ወፎች ይህንኑ ደካማ የምድር መስክ ተከትለው አገር ያቋርጣሉ፤ ሕያው አካል ጨርሶ አይሰማውም ማለት እንግዲህ አይቻልም። በማዕበል ቀናት የልብ ምትና የደም ግፊት እንደሚለዋወጥ የሚናገሩ ጥናቶች መኖራቸውንም አንብቤአለሁ።

ከጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦
የሐይቁ ወንድማችን እንዳሉት ጥናቶቹ አሉ፤ እኔም በነርስነት ሙያዬ ስለማገኛቸው ሕመምተኞች ስል አንዳንዶቹን ተመልክቻለሁ። አገኘን የሚሉት ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ የብዙ ሰው መረጃ ተደምሮ የሚታይ እንጂ አንድ ሰው ጧት ተነሥቶ «ዛሬ ማዕበል አለ» የሚልበት አይደለም፤ ውጤታቸውም እርስ በርሱ አይስማማም፤ ማዕበሉ ሰውነትን የሚነካበት መንገድም ገና አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ከኤሌክትሪክና ከስልክ ሞገድ የተነሣ እንታመማለን ስለሚሉ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሕመማቸው እውነተኛ መሆኑን ተቀብሎ፣ ከሞገዱ ጋር የሚያያይዘው ሳይንሳዊ መሠረት ግን እንደሌለ ገልጿል። ሞገዱ መከፈት መዘጋቱን ሳያውቁ በተፈተኑ ጊዜም ለይተው ሊያውቁት አልቻሉም።

እኅቴ፣ እኔን ያሳሰበኝ መተግበሪያው ነው። ቁጥሩን አስቀድሞ ያየ ሰው ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲያዳምጥ ይውላል፤ ራሱን የሚያዳምጥ ደግሞ የሚያመው ነገር አያጣም። ስለዚህ መተግበሪያውን ከስልክዎ አጥፍተው ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ በደብተር ይመዝግቡ፦ ራስ ምታቱ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ምግብ ያለፈዎት እንደሆነ፣ ቡናው በሰዓቱ መጠጣቱን ወይም መቅረቱን። የማዕበሉን ቁጥር ሌላ ሰው ለብቻው ይያዝልዎትና በመጨረሻ ያስተያዩት። እርስዎ የጻፉት ብርሃን መጥላትና ማጥወልወል ማይግሬን የሚባለው፣ እየተመላለሰ የሚነሣ ብርቱ ራስ ምታት ጠባይ ነው፤ ማይግሬን ደግሞ በዓል አምሽቶ እንቅልፍ ማጣትን፣ የተለመደ ቡና መቅረትንና ረኃብን አይወድም። ዳማከሴውን እናትዎ ቢያሹልዎት አልቃወምም፤ የደም ግፊትዎን ግን ይለኩ። ራስ ምታቱ ድንገት ከምንጊዜውም በርትቶ ከመጣ፣ ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መገተር፣ ከአንደበት መያዝ ወይም ከአንድ ጎን መዛል ጋር ከሆነ፣ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጠያቂ፦
መተግበሪያውን አጥፍቼ ቁጥሩን የመያዙን ሥራ ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቻለሁ። የልደታ ዕለት ማታ ከጎረቤት ጋር ንፍሮ ስንበላ አምሽተን እንደነበር እናቴ አሁን አስታወሰችኝ፤ ደብተሩ ላይ እሱንም ልጻፈው?

ከጦሳ ግርጌ፦
አዎ፣ እሱን በመጀመሪያው መስመር ይጻፉት።