ድሬ ወይ ሐረር ጡት ካንሰር እየታከመች ያለች ወጣት አለች? ማውራት ፈልጌ ነው

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም እህቶቼ እንዴት ናችሁ። ድሬ ነኝ፣ 29 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። የጡት ካንሰር ነው ተብዬ አንዱ ጡቴ በኦፕሬሽን ወጥቶ አሁን ቀዩን ኬሞ (ዶክሶሩቢሲን የሚሉትን ቀይ መድኃኒት) እየወሰድኩ ነው፣ ለሱ ሐረር እመላለሳለሁ። ስለ መድኃኒቱ ሐኪሞቹን እጠይቃለሁ፣ እሱ አይደለም የቸገረኝ። እኔ የምፈልገው እኔን የምታህል፣ አሁን እዚሁ ውስጥ ያለች ወይ በቅርብ የጨረሰች ሴት ነው። ኬሞ ክፍል አጠገቤ የሚቀመጡት እናቶች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው ይመርቁኛል ያባብሉኛል፣ ግን አይዞሽ ልጄ ካሉኝ በኋላ ስለ መውለድ ስለ ወንድ ስለ ስራ እንዴት ብዬ ላውራቸው? እነሱም ያፍራሉ እኔም አፍራለሁ። ቤት ደግሞ እማዬ ፊት ካለቀስኩ እሷ ትብሳለች፣ ስለዚህ ሻወር ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ነው የማለቅሰው። ጓደኞቼ መጀመሪያ ሰሞን ቤቱን ሞልተውት ነበር፣ አሁን የሚሉት ሲጠፋቸው ነው መሰለኝ ቀሩ፣ አልፈርድባቸውም። ዊግም ሞከርኩ ግን በድሬ ሙቀት ማን ይችለዋል፣ ራሴን ሲያሳክከኝ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በሻሽ ገባሁ። ብቻ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እኔም እንዳንቺው ነቅቻለሁ የምትለኝ አንድ ሰው ብትኖር ብዬ ነው። እንዴት ነው የምትገናኙት? ቁጥሬን እዚህ መፃፍ ፈራሁ፣ ሰፈር ውስጥ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው።

ከጀጎል፦
አብሽሪ እህቴ። ሐረር ነኝ፣ 34 ዓመቴ፣ የልጆች እናት፣ ኬሞውን ጨርሼ አሁን ታሞክሲፌን የሚባለውን የሆርሞን ኪኒን እየዋጥኩ ነው። አፎቻችን፣ ማለት እንደ እድር የምንረዳዳበት ማህበራችን፣ አልተለየኝም፣ ሴቶቹ ተራ ገብተው ምግብ ያመጡልኝ ነበር ልጆቼን ይይዙልኝ ነበር፣ አላህ ይስጣቸው ቤቴን እነሱ ናቸው ያቆሙልኝ። ግን ያልሽው ነገር ይገባኛል፣ በሽታውን የቀመሰች ሌላ ናት።

እኔ ጓደኛዬን ያገኘኋት በነርሷ በኩል ነው። እኔን የምታህል ሴት ስትመጣና ፈቃደኛ ስትሆን የኔን ቁጥር ስጪልኝ አልኳት። ልብ በይ የሷን ስጪኝ አላልኩም፣ እሱ የሰው ሚስጥር ነው ነርሷም አትችልም። ቆይቶ አንዲት ልጅ ከጭሮ ደወለች። ቀዩ ኬሞ አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ አይደል፣ ሳምንታችን ስለገጠመ ቀናችንን አንድ ላይ አድርጉልን ብለን ለመንን እሺ አሉን። ከዚያ በኋላ የኬሞው ቀን ራሱ ቀለለኝ ወላሂ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከቀዩ ወደ ሌላው ኬሞ ወደ ፓክሊታክሴል ስሻገር ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ጠዋት የልጄን የዩኒፎርም ሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፣ ልጁ ቆሞ ይጠብቀኛል እኔ ጉድጓዷን አላገኛትም። ለባሌ ብነግረው ደክሞሽ ነው አለኝ። ለጭሮዋ ልጅ ስደውልላት የኔም ትናንት ሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ አለችኝ። ተያይዘን ለዶክተሩ ነገርነው፣ እሱም ይሄን ነገር አትደብቁን መጠኑን አይተን የምናስተካክለው ስትነግሩን ነው አለን። ብቻዬን ብሆን ዝም ነበር የምለው።

አንድ እህት፦
እኔ ግን ባታወሪው ይሻላል እላለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ለክፋት አይደለም። አክስቴ ታማ ላገኘችው ሁሉ ነገረች፣ ኋላ ሰው ሰርግ ላይ እንኳን ከንፈር ይመጥላት ጀመር እስክትጠላው ድረስ። የሰው ዓይንም አለ። ለቤተሰብሽ ብቻ ንገሪ፣ ፀሎት ያዢ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ጠዋት ጠዋት ውሰጂ።

ነርስ ነኝ፦
ከላይ ያለችው እህት ስለ ከንፈር መጠጣ ያለችው እውነት ነው፣ ታካሚዎቼ ሁሉ የሚያማርሩት እሱን ነው። ግን ለሰፈር ማውራትና አብራሽ ለምትታከም ሴት ማውራት አንድ አይደለም። ዱአውንም ፀበሉንም ማንም አይከለክልሽም ኬሞሽን ብቻ አታቋርጪ፣ በአፍሽ የምትወስጂው ቅጠልም አዝሙድም ካለ ግን ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አይሁን፣ አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል።

ሰው የአሮጊት በሽታ ይመስለዋል፣ እኛ አገር ግን ከ50 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ አሉ፣ ቀናቸው ስላልገጠመ ነው ያላየሻቸው። ስትገናኙ አንድ ነገር አደራ፣ ህክምናችሁን አታወዳድሩ። የአንዷ ካንሰር ሆርሞን የሚቀበል ነው ታሞክሲፌን ይታዘዝላታል፣ የሌላዋ ሄር ቱ የሚባለው ፕሮቲን የበዛበት (ሄር ቱ ፖዘቲቭ) ነው፣ የሌላዋ ሶስቱም ኔጋቲቭ፣ ማለት ሁለቱን ሆርሞኖች የማይቀበል ሄር ቱም ያልበዛበት። እሷ የተሰጣት ለምን ለኔ ቀረ ብለሽ ሌሊቱን እንዳትጨነቂ። ትኩሳት 38 ከደረሰ ደግሞ ጓደኛ ጋ ሳይሆን በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ኢንፌክሽን ጊዜ አይሰጥም።

ስለ መውለድ ያነሳሽው፣ እባክሽ ዶክተርሽን በግልፅ ጠይቂው እፍረት የለውም። በኬሞ ወቅት ፔሬድ ሊቆም ይችላል፣ ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ ይመለሳል ግን ለሁሉም አይደለም። አዲሳባ ለጨረር የምትሄዱ ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታካሚዎችን ያግዛሉ፣ ማረፊያም አላቸው።

የሳቢያኗ፦
አቦ እኔም ድሬ ነኝ!! 26 ዓመቴ ነው፣ የባዮፕሲዬ (የናሙናዬ) ውጤት ወጥቶ ከኦፕሬሽን በፊት ኬሞ ትጀምሪያለሽ ተብዬ ቀን እየጠበቅኩ ነው። እስካሁን የነገርኩት ለእህቴና ለእጮኛዬ ብቻ ነው፣ እሱም ከነገርኩት ወዲህ ዝም ብሏል፣ ደንግጦ ይሁን ሊሸሸኝ ይሁን አላውቅም። ይሄን ሳነብ ስልኬን ይዤ አለቀስኩ። ፀጉሬ ወገቤ ድረስ ነው፣ ከአሁኑ ልቆረጠው? ምን ያህል ያማል? ግሩፕ ከከፈታችሁ እኔንም

ከጀጎል፦
እንኳን መጣሽ። እኔ ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ አልወድም እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ሶስት ሆነን እንጀምር፣ ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችንን ደብቀን፣ የመጣው ሁሉ ፎቶ ሳያነሳ ስም ሳያወጣ። ከአሁኑ የምናገረው አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከመሃላችን የአንዷ በሽታ ሊመለስ ይችላል፣ እኔ አይቻለሁ፣ ያኔ ሌሎቻችን ፈርተን እንዳንሸሻት ከመጀመሪያው እንነጋገርበት። መልእክት ማንበብ የከበዳት ደግሞ ለጊዜው ዝም ብትል ማንም አይቀየማትም። ስለ እጮኛሽ፣ ሐኪሙ ጋ አንድ ቀን ይዘሽው ግቢ፣ የኔም ባል ከዶክተሩ አፍ ሲሰማ ነው ምላሱ የተፈታው።

የከዚራ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነርሷን በሚቀጥለው ቀኔ እጠይቃታለሁ፣ ቁጥሬን ስጪ የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። የሳቢያኗ፣ ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ ሁለት ሶስት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚረግፈው፣ እኔ አስቀድሜ አሳጠርኩትና ትራስ ላይ ረጅም ፀጉር ከማየት ተረፍኩ፣ አንቺ ግን ልብሽ ያለሽን አድርጊ። መርፌው ያን ያህል አያምም፣ የሚከብደው ማቅለሽለሹ ነው፣ እሱንም የሚሰጡሽን ኪኒን ሳይጀምርሽ በሰዓቱ ከወሰድሽ ይቀላል። ቀንሽን ሲነግሩሽ ንገሪኝ፣ ከኔ ጋር ከገጠመ ጠዋት ሚኒባስ አብረን እንይዛለን፣ ደንገጎ ላይ ጠመዝማዛው ስለሚያጥወለውለኝ የፊቱን ወንበር ቀድሜ ነው የምይዘው ላንቺም እይዝልሻለሁ። በውስጥ ፅፌልሻለሁ እዪው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደውዪ ነፃ ነኝ።