11 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳር ገደል፦ ከየት በኩል እንጀምር?

ጫማ_አሳሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከእህቴና ከባለቤቷ ጋር የቀን የእግር ጉዞ አስበናል። ወደ ባሕሩ ዘልቆ የገባ ገደላማ መሬት ነው፤ መንገዱ ዙሪያውን ዞሮ መነሻው ላይ ይመልሳል። ርዝመቱ 11 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ ሲደመር 450 ሜትር። 7 ኪሎ ሜትሩ በገደሉ አናት ነው፤ የቀረው 4 ታች ወርዶ በአሸዋው ላይ። ካርታው «መካከለኛ» ይለዋል። ለማን መካከለኛ እንደሆነ ግን አይናገርም።

እኔ መራመድ ለምጃለሁ። እህቴ ግን ከሊፍት ሌላ አታውቅም። ባለቤቷ አንድ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲጠየቅ «ችግር የለም» ነው መልሱ። ስንት ሰዓት ይፈጅብናል? በአሸዋው ጀምረን ገደሉን ለመጨረሻ ብናቆየውስ? የሃይኪንግ ጫማ የግድ ነው?

ዳገት_አይፈሬ፦
ሶሉ ካልተላጠ ስኒከር ይበቃል። እኔ የምፈራላችሁ ነፋሱን ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ነፋሱ ገደሉን ሲወጣ ተጨናንቆ ይፈጥናል፤ ስለዚህ የቅርቡ ከተማ ትንበያ ላይ ተማምናችሁ አትሂዱ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ነው። ትንበያው ላይ አማካዩን ትታችሁ ከፍተኛውን ቁጥር እዩ። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ከአፋፉ በደንብ ራቁ። ጃኬት ያዙ። መኪናው ጋ ስለሞቀ ብላችሁ እንዳትተዉት።

ሞገድ_ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ከየት በኩል እንደምትጀምሩ የሚወስነው ባሕሩ ነው። እናንተ ብቻ ተማክራችሁ የምትጨርሱት ጉዳይ አይደለም።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቶሎ ልጨርሰው። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስካሁን ይሠራል፤ በግርድፉ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። የእናንተ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ሲደመር 45 ደቂቃ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። ፎቶ የለበትም፣ የእህትሽ ትንፋሽም የለበትም። እኔ ብሆን ስድስት ሰዓት እይዛለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ያ 4 ኪሎ ሜትር አሸዋ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሆኖ አይውልም። በአብዛኛው የዓለም ክፍል ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ከፍታው እንደ ቦታው ነው። ሜዲትራኒያን ዳር ብዙም አታስተውይውም፤ ካናዳ ውስጥ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ላይ ግን ልዩነቱ 16 ሜትር ይደርሳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሰሞን ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይብሳል።

ሰው የሚሸወደው ፍጥነቱ ላይ ነው። ውኃው በእኩል ፍጥነት አይወጣም። መርከበኞች ልዩነቱን 12 ቦታ ይከፍሉታል፤ በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ ይጨምራል፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3፣ በአራተኛውም 3፣ ከዚያ 2፣ በመጨረሻ 1። ግማሹ በመሀሉ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል ማለት ነው። መጀመሪያ ስታዪው «ገና ነው» ያሰኛል። ትንሽ ቆይተሽ ቀና ስትይ ከፊትሽ ያለውን ቋጥኝ ውኃ ከቦታል፣ ከኋላሽ ያለውንም እንደዚሁ። በጎንሽ ደግሞ የማይወጣ ገደል። ስለዚህ አሸዋው ላይ መግባት ያለባችሁ ውኃው እየጎደለ ሳለ ነው። የቦታውን ሠንጠረዥ አውጥተሽ ጻፊልን። የቅዳሜውን ግን፤ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይንሸራተታል።

ጉልበት_አስታማሚ፦
ስለ ጉልበት እኔ ልናገር፣ ቤተኛ ነኝ። ዳገት የሚፈትነው ሳንባን ነው። ጉልበትን የሚጨርሰው ቁልቁለት ነው። ወደ አሸዋው የሚወስደው ቀጥ ያለ ደረጃ ከሆነ፣ በአሸዋው ጀምራችሁ ደረጃውን ብትወጡት ለሰውየው ይሻለዋል። ሁለት ምርኩዝ ያዙለት፤ ሲወርድ ምርኩዙን ያስረዝም፣ እርምጃውን ያሳጥር። «ችግር የለም» የሚል ሰው ልረፍ አይልም። እናንተ ደከመን በሉና አሳርፉት።

ጫማ_አሳሪ፦
ሠንጠረዡን አገኘሁት። ሙላት 09:28፣ ጉድለት 15:40 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3:28 እና ከቀኑ 9:40 ነው አይደል? ፀሐይ የምትጠልቀው 12:50 ላይ ነው።

ሞገድ_ቆጣሪ፦
ልክ ነሽ። ግርጌውን ግን እዪ፤ አንዳንዱ ሠንጠረዥ የበጋ ሰዓት ለውጥን (አንዳንድ አገሮች በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፉትን) አይጨምርም፣ አንድ ሙሉ ሰዓት ያሳስታል።

ጉልበት_አስታማሚ ያለው እውነት ነው፣ በሌላ ቀን እስማማ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በአሸዋው መጀመር ግን ባሕሩ ጥግ ድረስ ሞልቶ ሳለ መግባት ነው። ከሰዓት እንጀምር ብትሉ ደግሞ ገደሉ ላይ ይመሽባችኋል። በላይ ጀምሩ፣ ቁልቁለቱን በምርኩዙ ይቻለው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተነሱ። በባሕሩ በኩል ያለው ጫፍ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ብዬ ልያዝ። እስከ 7 ሰዓት እዚያ ካልደረሳችሁ ያለ ክርክር በመጣችሁበት ተመለሱ። ከደረሳችሁ ግን ከ8 ተኩል እስከ 9 ተኩል ባለው ውስጥ መውረጃው ጋ ትሆናላችሁ፤ ሰፊው አሸዋ ያኔ ነው። እርጥቡ ላይ ተራመዱ፣ ደረቁ እግር ይውጣል። ምሳችሁን ላይ ብሉ፣ ገደል ሥር አትቀመጡ፣ ድንጋይ ይለቃል። አፋፉ ላይ ያለውንም ሣር አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ ሥሩ ባዶ ነው። ጭጋግ ከባሕሩ ተነስቶ በደቂቃዎች ይሸፍናል፤ ካርታውን ቀድማችሁ ስልክ ላይ አውርዱት፣ ባትሪም አትርሱ።

ጫማ_አሳሪ፦
እሺ፣ 4 ሰዓት። እህቴን ማሳመን የእኔ ሥራ ነው። ውኃስ ስንት እንያዝ?

ዳገት_አይፈሬ፦
በሰዓት ግማሽ ሊትር ብለሽ ያዢ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር። ነፋሱ ላቡን ስለሚያደርቀው ጥማቱ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። የፀሐዩም ነገር እንደዚያው ነው፤ ፊትሽ እየቀዘቀዘሽ ይቃጠላል። ክሬሙን ከመነሳታችሁ በፊት ተቀቡ፣ ወደ አሸዋው ስትወርዱም ድገሙት።