አስቸኳይ፦ ዳይቨርተሩ «ታንኩ ሞቋል» ይላል፣ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው

ቀዝቃዛ ሻወር (ጠያቂ፣ ደቡብ ሎንደን)
ሰላም እንዴት ናችሁ። በጣም ቸኩያለሁ። ፀሐዩ እየነደደ ነው፣ ፓነሎቹ 3.4 ኪሎዋት እየሰጡ ነው፣ ከዚያ ውስጥ 3 ኪሎዋቱ በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭ እየሄደ ነው። ትርፉን ወደ ኢመርሽኑ (ታንኩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) መላክ የነበረበት ዳይቨርተር «ታንኩ ሞቋል» ብሎ ቁጭ ብሏል። ውሃው ለብ እንኳ አላለም! አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ሂት ፓምፑ (ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ያንኑ ታንክ የሚያሞቀው ማሽን) ምንም አልሆነም። ነገ ጠዋት ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። ምን ልንካ?

ሽሮ ፈሰስ
ማሽኑ ሞቋል ካለ ሞቋል። እጅሽን አስመርምሪ።

ካቻቢቴ
እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን እወቂ። የሙቀት ሴንሰር ካልተገጠመለት በቀር ዳይቨርተር ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አያውቅም። ኤሌክትሪክ ይልካል፤ የሚወስድለት ካጣ «ቴርሞስታቱ ቆርጧል፣ እንግዲህ ሞቋል» ብሎ ይገምታል (ቴርሞስታት ውሃው የተባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ነው)። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ትርጉሙ «ሰጠሁ፣ ተቀባይ አጣሁ» ነው። መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል።

ከዋናው ሳጥን የኢመርሽኑንም የዳይቨርተሩንም ብሬከር አውርዱ። የኢመርሽኑን ክዳን ፍቱና ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት በቴስተር ኤሌክትሪክ አለመኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦ ታንኩ አጠገብ ያለው ማብሪያ በርቷል ወይ፤ ፊውዝ ካለው ፊውዙ ደህና ነው ወይ፤ ቀጥሎ የኢመርሽኑን ሁለት ጫፍ በኦም ለኩ። ባለ3 ኪሎዋት ኢመርሽን በ230 ቮልት 17.6 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ምንም ንባብ ከሌለ ሬዚስታንሱ (ውስጡ የሚግለው ሽቦ) ተበጥሷል። ከጫፉ ወደ ኧርዝ ንባብ ካገኛችሁ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፣ ያን ኢመርሽን ዳግም አታብሩት።

ቴርሞስታቱ ራስ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች። ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ የምትዘለው የደህንነት መቁረጫ ናት። በቀጭን ካቻቢቴ ስትጫኗት ጠቅ ካለች ዘላ ነበር ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ቴርሞስታቱን ቀይሩት፤ እየተጫኑ መኖር የለም። ዝም ብላ አትዘልም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ መቁረጥ ሲያቅተው ነው። የሎንደን ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ዘንጉ ላይ ተጋግሮም ያሳብዳታል።

ቀዝቃዛ ሻወር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ብሬከሩን አውርዶ ከፈተው። ማብሪያው በርቷል። 17.8 አነበበ። ቁልፏን ተጫነ፣ ጠቅ አላለችም። ቴርሞስታቱ 60 ላይ ነው። አሁንስ?

የጓዳ መሐንዲስ
ክዳኑን ፍቺና ቴርሞስታቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫኚ። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት።

ካቻቢቴ
ተጭነዋታል ወንድሜ። ከላይ አንብብ።

ቆጣሪ አንባቢ
ይቅርታ አድርጊልኝና የእኔ ጠብ ከዳይቨርተሩ ሳይሆን ከሐሳቡ ጋር ነው። ሂት ፓምፕ እያለሽ ትርፉን በኢመርሽን ማቃጠል ለምን አስፈለገ? ወደ ውጭ ለምትልኪው ኪሎዋት ሰዓት ስንት ይከፍሉሻል? እንግሊዝ ውስጥ ከፈረንጆች ጥር 2020 ጀምሮ ትልልቆቹ ኤሌክትሪክ ሻጮች መክፈል ግዴታቸው ነው፣ ዋጋው እንደየሻጩ ይለያያል። 15 ፔኒ ነው እንበል። የምትገዪው ደግሞ 25 ፔኒ። ሂት ፓምፑ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ከሰጠ፣ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት የሚያስወጣሽ 8.3 ፔኒ ነው። ኢመርሽኑ ግን 15 ፔኒ ሊሸጥ የሚችለውን ኤሌክትሪክ በልቶ ያንኑ የ8.3 ፔኒ ሙቀት ይሰጥሻል። በየኪሎዋት ሰዓቱ 7 ፔኒ ያህል እየከሰርሽ «ነፃ ሙቅ ውሃ» ትያለሽ።

ፍራንክፈርተኛው
ሂሳቡ ለእንግሊዝ ልክ ነው፣ ለሁሉም አገር ግን አይደለም። እኛ ጋ ጀርመን ለተላከው የሚከፈለው 8 ሴንት አካባቢ ነው፣ የሚገዛው 35 አካባቢ። 35ን ለ3 ስታካፍለው 11.7 ይመጣል፤ ስለዚህ ባለ8ቱን በኢመርሽን ማቃጠል እንኳ ያዋጣል። ደንቡ አንድ ነው፦ የግዢውን ዋጋ ሂት ፓምፑ ለሚያበዛበት ቁጥር አካፍል፣ ከሽያጩ ዋጋ ጋር አስተያይ። ሽያጩ ከበለጠ ሽጥ፣ ካነሰ አቃጥል።

ሽሮ ፈሰስ
ታዲያ የዳይቨርተሩን ሽቦ ከኢመርሽኑ ነቅሎ ለሂት ፓምፑ መስጠት ነዋ! ሁሉም ታረቀ።

ፍራንክፈርተኛው
በፍጹም እንዳይደረግ! ዳይቨርተር ኃይል የሚቀንሰው ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ነው። ለሬዚስታንስ ግድ የለውም፣ ከማሞቅ ሌላ ሥራ የለበትም። ሂት ፓምፕ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኒክስ፣ ኮምፕረሰርና ፋን አለ፤ የተቆራረጠ ኤሌክትሪክ ከሰጠኸው ቦርዱን ታቃጥለዋለህ።

ለሂት ፓምፕ የሚሰጠው ትእዛዝ ብቻ ነው። ብዙዎቹ «ኤስጂ ሬዲ» የሚባል መግቢያ አላቸው፣ የራሳቸው ኤሌክትሪክ የሌለባቸው ሁለት መገናኛዎች (ኮንታክት) ናቸው፣ አራት ሁኔታ ይፈጥራል፦ ቁም፣ እንደወትሮው፣ ቢቻል ሥራ፣ ግዴታ ሥራ። የኢንቨርተሩን (የፓነሎቹን ኤሌክትሪክ ለቤት የሚቀይረው) ወይም የዳይቨርተሩን ሪሌይ (በትእዛዝ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ) ሦስተኛው ላይ ታስሪዋለሽ፤ ትርፉ ለምሳሌ ከ1.5 ኪሎዋት በላይ ሆኖ 10 ደቂቃ ከቆየ ሪሌዩ ይገናኛል፣ ሂት ፓምፑም የውሃውን ግብ ከ48 ወደ 53 ያነሳዋል። አንዴ ከተነሳ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲሮጥ አድርጊ። ደመና ባለፈ ቁጥር የሚነሳና የሚቆም ኮምፕረሰር ዕድሜው አጭር ነው።

ቆጣሪ አንባቢ
እሱ ይስማማኛል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሂት ፓምፑ ደህና ነው ብለሻል። ደህና ከሆነ ውሃው ለምን ቀዘቀዘ?

ቀዝቃዛ ሻወር
በጋ ስለሆነ የውሃውን ፕሮግራም አጥፍቼዋለሁ፣ ፀሐዩ ይበቃናል ብዬ።

ቆጣሪ አንባቢ
አሁኑኑ አብሪው! ታንኩ ስንት ሊትር ነው?

ቀዝቃዛ ሻወር
210።

ቆጣሪ አንባቢ
210 ሊትርን ከ15 ወደ 48 ዲግሪ ማድረስ 8 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው። በሂት ፓምፑ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበቃል፤ ያንን አሁን ወደ መንገድ የምትልኪው ትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያወጣዋል። ኢመርሽኑ ቢሠራ ሙሉ 8ቱን ነበር የሚበላው። ሂት ፓምፑ 5 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ከሆነ ከሁለት ሰዓት በታች ይጨርሳል። የነገ እንግዶች ጉዳይ አለቀ።

ሽሮ ፈሰስ
እኔ ግን ልጠይቅ። ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው? ኢመርሽን እንደ ሰው አያኮርፍም፤ የሆነ ሰው ነክቶት ነው።

ቀዝቃዛ ሻወር
ሂት ፓምፑን አበራሁት፣ እየጮኸ ነው። ከመቼ ጀምሮ ላልከው፦ ከባለፈው ሳምንት ማክሰኞ። ያን ቀን ሰርቪስ ነበረ፤ ሰውየው አዲስ መቆጣጠሪያ ገጠመ፣ ግን የነካው ሂት ፓምፑን ነው። ደግሞ የሚገርመው እሑድ ለሰኞ አጥቢያ 8 ሰዓት ላይ የቤቱ ፍጆታ በ3 ኪሎዋት ዘሎ አፑ ላይ አየሁ። ሌሊት ምን ፀሐይ አለ?

ካቻቢቴ
8 ሰዓት በእኛ ነው በፈረንጅ?

ቀዝቃዛ ሻወር
በእኛ። በፈረንጅ 2።

ካቻቢቴ
ይኸው! ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን ክዳን ባላስፈታኋችሁ። ሌሊት የሠራው የሌጂዮኔላ (ሳንባ የምታሳምም ባክቴሪያ) መግደያ ፕሮግራም ነው። ባክቴሪያዋ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ ለዚህ የሂት ፓምፑ መቆጣጠሪያ በሳምንት አንዴ በኢመርሽኑ ታንኩን 60 ያደርሰዋል። ኢመርሽኑ ያን ሌሊት 3 ኪሎዋት ከበላ ሬዚስታንሱም ቴርሞስታቱም ጤነኞች ናቸው። የሰርቪሱ ሰው ኢመርሽኑን ከዳይቨርተሩ ነቅሎ በሂት ፓምፑ ኮንታክተር (በትእዛዝ የሚሠራ ትልቅ ማብሪያ) አስሮታል። ዳይቨርተርሽ የሚልከው ጫፉ ላይ ምንም ያልታሰረበት ሽቦ ላይ ነው። ክዳኑ ሥር ስንት ገመድ ይገባል?

ቀዝቃዛ ሻወር
ባለቤቴ ሁለት ይላል። አንዱ ታስሯል፣ ሌላኛው ጫፉ በፕላስቲክ ማያያዣ ተሸፍኖ ታጥፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን አንድ ላይ ላስራቸው ነው እያለ ነው።

ካቻቢቴ
ካቻቢቴውን ቀሚው!! የታጠፈው ገመድ የዳይቨርተሩ ነው፤ ፀሐይ ባለ ቁጥር ኤሌክትሪክ አለበት። ሁለቱ አንድ ላይ ከታሰሩ የሂት ፓምፑ ኮንታክተር በበራ ቀን 230 ቮልት ወደ ኋላ ዳይቨርተሩ ውስጥ ገብቶ ያፈነዳዋል። ሁለቱ መስመሮች በተለያየ የደህንነት ብሬከር ላይ ካሉ ደግሞ ኒውትራላቸው ሲቀላቀል ብሬከሩ እየዘለለ ያስቸግራችኋል።

ትክክለኛው መንገድ ሦስት ነው። ታንኩ ሁለተኛ ኢመርሽን የሚገባበት ቀዳዳ ካለው የታችኛው ለዳይቨርተሩ፣ የላይኛው ለሂት ፓምፑ ይሁን። ይሄ ንጹሑ ነው፣ ግን ታንኩን ማፍሰስ ይጠይቃል፤ ደግሞ የላይኛው ከሥሩ ያለውን ውሃ ስለማያሞቅ ሌጂዮኔላውን ለብቻው አይጨርስም፣ ሂት ፓምፑ የታችኛውን ክፍል ማገዝ አለበት። ሁለተኛው፣ መቀያየሪያ ኮንታክተር፦ ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቀይር፣ ቢያንስ ባለ20 አምፒር። በተለምዶ ዳይቨርተሩ ላይ ይቆማል፣ ሂት ፓምፑ ሲጠራው ብቻ ወደዚያ ይዞራል። የኮንታክተሩ ጥቅልል ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሂት ፓምፑ ይሁን፤ ከዳይቨርተሩ መውጫ ከሰጠኸው በተቆራረጠው ኤሌክትሪክ እየተንቀጫቀጨ ይቃጠላል። ሦስተኛው ርካሹ ነው፦ የሌጂዮኔላውን ሥራ ለዳይቨርተሩ ራሱ ስጡት። አብዛኞቹ በሰዓት የሚነሳ ፕሮግራም አላቸው። እሑድ ሌሊት 60 እስኪደርስ ሙሉ ኃይል እንዲልክ አድርጋችሁ የሂት ፓምፑን የሌጂዮኔላ ፕሮግራም ታጠፋላችሁ፣ ገመዱም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል።

ታንኩ ከከተማው ውሃ ግፊት ጋር የተያያዘ ዝግ ታንክ ከሆነ ሥራው ፈቃድ ላለው ሰው ነው። የደህንነት መቁረጫዋን አልፎ ማሰር ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይታሰብ።

የጓዳ መሐንዲስ
መቆንጠጫ ሴንሰሩንስ (ዋናው መስመር ላይ ተቆንጥጦ ለዳይቨርተሩ ትርፉን የሚለካው) አያችሁት? አቅጣጫው ከተገለበጠ ዳይቨርተሩ ትርፍ የለም ብሎ ያስባል።

ካቻቢቴ
እንደዚያ ቢሆን «ትርፍ የለም» ይል ነበር እንጂ «ሞቋል» አይልም። ግን ሰኞ ሰው ሲመጣ ያየው። ሂት ፓምፑ የራሱ ትንሽ ሳጥን ካለው መስመሩ ከቆጣሪው ቀጥሎ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሴንሰሩ ከመከፈያው በፊት፣ ፌዙ ላይ ብቻ ይቆንጠጥ። ከመከፈያው በኋላ ከሆነ ሂት ፓምፑ የሚበላውን አያይም፤ ሂት ፓምፑ ከመንገድ እየገዛ ዳይቨርተሩ «ትርፍ አለ» ብሎ ኢመርሽኑን ያነዳል። ፌዝና ኒውትራልን አብሮ ከቆነጠጠ ደግሞ ሁልጊዜ ዜሮ ያነባል።

ፍራንክፈርተኛው
ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ተራ ይኑራቸው። ሂት ፓምፑ ከ6 እስከ 9 ሰዓት (በእኛ፣ እኩለ ቀን ማለት ነው) ውሃውን እስከ 48 ያድርስ፤ አየሩም ሞቃት ነው፣ ፀሐዩም አለ። ከዚያ በኋላ ከ48 ወደ 60 ያለውን ዳይቨርተሩ ይሙላ፤ ለ210 ሊትር 2.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ተራው ከተገለበጠ፣ ኢመርሽኑ ቀድሞ 50 ካደረሰው፣ ሂት ፓምፑ ወይ ጭራሽ አይነሳም ወይ በሙቅ ውሃ ላይ ተነስቶ ጉልበቱ ይባክናል።

ቆጣሪ አንባቢ
በ15 ፔኒ የምትሸጥ ከሆነ ግን ያንን 2.9ም ሽጪው። ከሌጂዮኔላው ቀን በቀር 60 ምን ያደርግልሻል?

ቀዝቃዛ ሻወር
41 ደርሷል! ተባረኩ። ክዳኑን መልሰን አስረናል፣ ገመዱን አልነካነውም፣ የዳይቨርተሩን ብሬከር አውርደን ትተነዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ሰኞ ይመጣል፣ እነግራችኋለሁ።

ሽሮ ፈሰስ
እንግዶቹ ከመጡ ስንተኛ ሰው ላይ ውሃው እንደቀዘቀዘ ቁጠሪልን። ለሳይንስ ነው።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። በርሚንግሃም ነኝ፣ የእኔም «ሞቋል» ይላል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ጠዋት ይሠራል። ሂት ፓምፑ ውሃውን 50 ላይ ያደርሳል። ሰኞ ምን ሆነላችሁ?

ካቻቢቴ
የአንተ ሌላ ነው። የኢመርሽንህ ቴርሞስታት ስንት ላይ ነው? 50 ላይ ከሆነ ሂት ፓምፑ እንደጨረሰ ይቆርጣል፤ ዳይቨርተሩ ላንተ እውነቱን ነው የነገረህ። 60 አድርገው። እህቴ፣ ሰኞ አለፈ እኮ፣ ምን አለ ሰውየው?